ደረቅ መርፌ በድምፅ ብልጫ

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ፣ እውነት ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ይመስክር! ከውስጡ አንዲት የተጋነነች ቃል ብትገኝ የነጋሪውን ምላስ የቆሼ ጥንብ አንሣ ይጫወትበት። ሌላው ሰው ወሬ ሲያወራ ይጨምራል፤ እዚህ ግን የተጨመረ ነገር የለም፤ እንዲያውም ሙሉውን የሰማ አያምንም ተብሎ ግማሹ ተቀንሷል። ምስክር የሚል ካለም ሩቅ አይሂድ። የባለታሪኩ ሚስት አልማዜ ከነሕይወቷ አለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ነው። ገብቶ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ መሸሻ የሚባል ሰው ነበር።

መሸሻ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅርና፣ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ ነበር። «ተላላኪ» የምትለዋን ቃል ግን አይወዳትም። «ረዳት ነበርኩ» ነው የሚለው። ረዳትነቱስ የማን ሆነና! ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ ዶክተር ሊ የሚባል ሐኪም ነበር። ከኋላው ሲያዩት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያህላል፤ ዞር ሲል ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው። የሰውየው መርፌ እንደ ሌላው መርፌ አይደለም። ብልቃጥ የለው፣ መድኃኒት የለው፤ ከዐይን ሽፋሽፍት የቀጠነ ሽቦ ነው። እግር ላይ ሲተክለው ራስ ምታት ይለቃል። እጅ ላይ ሲተክለው ጥርስ ዝም ይላል። ሰው ስም ቢያጣለት «ደረቅ መርፌ» አለው።

ሰልፉን ያየ ደግሞ ጉድ ይላል። ከሆስፒታሉ በር ተነሥቶ አጠና ተራን አልፎ፣ የመጨረሻው በሽተኛ ቀራንዮ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ነበር የሚጠብቅ። ተራው ሳይደርስ የዳነ አለ። ተራው ሳይደርስ እዚያው ሰልፉ ላይ ተጋብቶ የወለደም አለ።

የመሸሻ ሥራ መርፌዎቹን መቀቀል ነበር። እየቀቀለ፣ ፎጣ እያጠፈ፣ ዐይኑን ከሐኪሙ ጣት ላይ አልነቀለም። አንድ ቀን ዶክተር ሊ ጠራውና አንዲት መርፌ በእጁ አስያዘው። ከዚያ በጣቱ ወደ በሽተኛው ሳይሆን ወደ መሸሻ ወደ ራሱ ጭን አመለከተው። የሰውየው የትምህርት ደንብ ይህ ነበር፤ በራስህ ሥጋ ላይ ሺህ ጊዜ ሳትተክል በሰው ሥጋ ላይ አንድ ጊዜ አትተክልም። መሸሻ ሺህ አልበቃውም፤ አራት ሺህ ተከለ። ግራ ጭኑ ወንፊት ከመሆኑ የተነሣ፣ ውሃ ሲጠጣ በዚያ በኩል ጠብ ጠብ ይል ነበር ይላሉ ጎረቤቶቹ።

ሦስት ዓመት ተማረ። ከዚያ አንድ ማለዳ ሐኪሙን አገሩ ጠራው። ዶክተር ሊ ሻንጣውን አንሥቶ ሲወጣ በቀይ ጨርቅ የተለበጠች የእንጨት ሳጥን ለመሸሻ ሰጠው፤ ሃያ አራት መርፌ አለባት። ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣውና ሄደ። ወረቀት ግን አልሰጠውም። ያኔ ወረቀት ማን አሰበ?

አሁን ወደ አልማዜ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ወገብ ነውና።

አልማዜ አንድ ቀን ባኞ ሙሉ ውሃ አንሥታ ዞር ስትል ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ድምፁ ሳንሱሲ ድረስ ተሰምቷል፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ዛፍ ወደቀ ብለው ወጥተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ማጭድ ጎበጠች። ሆስፒታል ክኒን ሰጣት። የሰፈሩ ወጌሻ ገሜዳ በቅቤ አሻት፤ ባሰባት። በመጨረሻ መሸሻ ሳጥኑን ከፈተ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ያስተኛትና ሰባት መርፌ ይተክልላታል፤ ሁለቱን ከጉልበቷ ኋላ፣ ከእጥፋቱ መሐል፤ የቀሩትን እሱ በሚያውቀው ቦታ። ጥቂት ይጠብቃል። አልማዜ ፊቷን ምንጣፉ ላይ እንደ ደፋች ረጅም ትንፋሽ ታወጣና «ለቀቀኝ» ትላለች።

ይህች «ለቀቀኝ» ለመሸሻ ምን እንደ ነበረች የሚያውቅ የለም። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሥራውም ቢሆን ዶክተር ሊ ከሄደ ወዲህ ወደ ጽዳት አውርደውታል። በሳምንት አንድ ጊዜ የምትነገር አንዲት ቃል ነበረች ሰው የምታደርገው። እሷን ሰምቶ ነበር ሳምንቱን የሚተኛ።

እንዲህ ባለ ኑሮ መሐል ነው፣ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሳንሱሲ ላይ በዛብህ የሚባል ልብስ ሰፊ ብቅ ያለው። ይህ ሰው የደረቅ መርፌን ወሬ ሰማና «መርፌ ከሆነማ ከእኔ በላይ ማን አለው?» ብሎ ተነሣ። ሱሪ በሚሰፋበት መርፌ የሰው ትከሻ ይወጋ ጀመር። ልኬት ሊሰጥ የመጣውን ሁሉ «ራስህን ያምሃል?» እያለ ይይዘዋል። ኮት ሊያስጠብብ ገብቶ ሦስት ቦታ ተወግቶ የወጣ መምህር አለ። በመጨረሻ የአንዲት ሴትዮ ትከሻ አብጦ ዱባ አከለ።

መሸሻ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። በማግሥቱ የቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው የጋራ ሽንት ቤትና የስኳር ራሽን ነው። መሸሻ በዕድሜው ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሣ።

«ጓዶች! መርፌ ሁሉ መርፌ አይደለም! ወጌሻውም፣ አዋላጇም፣ ሥር ማሹም፣ መርፌ ተካዩም ‹የባህል ሐኪም› የምትል አንዲት ወረቀት ይዞ የሚዞርበት ጊዜ ማብቃት አለበት! አንድ ስንዝር ሲሳሳት ሳንባ የሚበሳ መርፌ ነው! ደረቅ መርፌ ልዩ ሙያ ነው፤ ልዩ ፈተና፣ ልዩ ወረቀት፣ ልዩ ማኅተም ያስፈልገዋል! የሚፈትን የሙያ ኮሚቴ ይቋቋምልን!»

ጭብጨባው የአዳራሹን ሦስት ቆርቆሮ ነቀለ። መሸሻ ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ። በሆዱ ያሰበው ግልጽ ነው፤ ፈታኙ ከእሱ ሌላ ማን ሊሆን? በዛብህ ፊቱ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ታየው። ሰውየው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴትዮ ረስቷት ነበር።

አንድ ሽንት ቤት ለመቆፈር አራት ዓመት የፈጀው ቀበሌ ኮሚቴውን በአራት ቀን አቋቋመ። በዛብህም ፈተና መጣ ሲባል በዚያው ሰዓት የሰው ትከሻ ትቶ ወደ ሱሪው ተመለሰ። እንግዲህ ቁጠሩ። ኮሚቴ አለ፣ ፈተና አለ፤ የሚፈተን ሰው ግን በቀበሌው ውስጥ ከአንድ በላይ የለም።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ዘበኛ ደብዳቤ አመጣ። ማኅተሙ እንጀራ ያህላል። ጓድ መሸሻ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለሙያው ማስረጃ የሚሆነውን ሁሉ ይዞ እንዲቀርብ፣ ማስረዳት ያልቻለ እንደ ሆነ ግን መርፌዎቹን ከነሳጥናቸው ለሕዝብ ጤና ደኅንነት ሲባል ለቀበሌው መጋዘን እንዲያስረክብ ይላል። መሸሻ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛውን ሲያነብ ዐይኑ ከ«እንዲያስረክብ» አላለፈም።

ተነሥቶ ገሜዳ ዘንድ ሄደ። ገሜዳ ደጁ ላይ የአንድ ጎረምሳ ቁርጭምጭሚት ይዞ ይጠመዝዛል፤ ጎረምሳው ይጮኻል።

«ጋሼ ገሜዳ፣ ኮሚቴ ውስጥ ገቡ የሚሉት እውነት ነው?»

«ገባሁ እንጂ። አንተ አይደለህ ያስገባኸኝ?»

«መርፌ ያውቃሉ?»

«እኔ? የት አውቄ!» ገሜዳ የጎረምሳውን እግር ለቀቀው። «የሚያውቅ ሰው ያዳላል ተባለ። ስለዚህ ምንም የማናውቀውን አራታችንን ፈልገው መረጡን።»

«አይቀልዱ እንጂ። ሳጥኑን ሊወስዱት ነው።»

«ማን ቀለደ? ስማኝ፣ መሸሻ። አርባ ዓመት አጥንት ስመልስ ማንም ወረቀት ጠይቆኝ አያውቅም። የተሰበረው ሰው ተነሥቶ ሲሄድ እሱ ነበር ወረቀቴ። ኋላ መንግሥት አንዲት ወረቀት ሰጠኝ፤ ደግ አደረገ፣ ተቀበልኩ። አሁን አንተ ‹ልዩ› የሚባል ከላይዋ ስትጭንባት የእኔዋ ምን ሆነች? ተራ ሆነች! ነገ አንዱ መጥቶ ‹ሽማግሌው፣ የአንገት ልዩ ወረቀት አለዎት? የቁርጭምጭሚትስ?› ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው?»

«እሺ፣ ልብስ ሰፊውስ? የሴትዮዋ ሳንባ ተበስቶ ቢሆንስ ኖሮ? ሞታ ቢሆንስ?»

ገሜዳ እጁን በጨርቅ ጠረገ። 

«እሱም እውነት ነው» አለ። «የጨነቀኝም ለዚህ እኮ ነው። አንተም እውነት ይዘሃል፣ እኔም ይዣለሁ፤ ማኅተሙን የያዘው ግን ከሁለታችንም አይደለም። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። አንተ አርቀህ ቆፍረህ መሰላል እንኳ ረሳህ።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ አልማዜ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«ቅዳሜ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አላት።

«ምን ልሠራ?»

«ምስክር ነሽ። እኔ ወረቀት የለኝም፤ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። እዚህ የምትይውን እዚያ ትያለሽ፤ ሌላ ምንም አትጨምሪም። ለቀቀኝ ማለት ብቻ ነው።»

የአልማዜ ጣት ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«ታቦቱ አጠገብ እኮ ነው አዳራሹ።»

«ታዲያ ምን አለበት? እውነቱን አይደለ የምትናገሪው?»

አንዲት ጠጠር አገኘችና አውጥታ ጣለች። «እሺ» አለች።

ዓርብ ዕለት መሸሻ ምግብ አልቀመሰም። ሳጥኑን ከፍቶ መርፌዎቹን ቆጠረ፤ ሃያ አራት ናቸው። ዘጋው። ከፈተና ደግሞ ቆጠረ። ሃያ አራት። ከዚህ በፊት አንድም ቀን ያልመጣበት ሐሳብ መጣበት፤ ዶክተር ሊ አንድ ጊዜ እንኳ «ጎበዝ» ብሎት ያውቃል? አያውቅም። ቋንቋ አልነበራቸውም። ያን ቀን ዝቅ ብሎ እጅ የነሣው ለተማሪው ነበር ወይስ እንዲያው የአገሩ ልማድ ሆኖበት በሩን ለከፈተለት ሁሉ የሚሰጠው ነው? ሳጥኑን ዘጋው። አልማዜን አያት፤ ምድጃው አጠገብ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ደግፋ ትነሣለች። ሳጥኑ ቢሄድ ይህችን ሴት ማን ያቃናታል? ስትነሣ ጥርሷን ስትነክስ አየ። ነገ ቅዳሜ ስለ ሆነ ነው አለ በሆዱ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ይብስባታል።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰማንያ ሰው የሚይዘው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው ገባ። የተረፈው ጣሪያ ላይ ወጣ። ከአስኮ በሁለት አውቶቡስ የመጣ ሰው ነበር፤ ሾፌሩ ራሱ ፌርማታውን ትቶ ገብቷል።

ከጠረጴዛው ኋላ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። በቀኝ ጫፍ ገሜዳ፤ ቀና ብሎ መሸሻን አያይም። አጠገቡ እማማ ወለተጻድቅ፣ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱ አሮጊት። በግራ ጫፍ ፈቀደ፤ ከጤና ጣቢያው የመጣ ጤና ረዳት፤ እስክሪብቶው እንደ ጦር ተቀስሯል። መካከል ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለመስቀል። ይህ ሰው አገር ያወቀው አንድ ችግር አለበት፤ ቀኝ ክንዱ ከትከሻ በላይ ከተነሣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መፈክር ሲያሰማ እንኳ ሌላ ሰው ነው ክንዱን የሚያነሣለት። ሽጉጡን በግራ ታጥቋል።

ሳጥኗ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው ከጎኗ ቆመ።

«የትምህርት ማስረጃ?» አለ ፈቀደ።

«ጭኔ» አለ መሸሻ፣ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ።

«ኧረ በሥላሴ ይቅር፣ ጌታው!» አሉ እማማ ወለተጻድቅ። «ስንት ጭን አይቼ እዚህ ደረስኩ፤ የአንተ ይቅርብኝ።»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ኃይለመስቀል ጠረጴዛውን መታ።

«አስተማሪህ የየት አገር ሰው ነው?»

 በዚያ ዓመት ይህ የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። ቁርስ ላይ ወዳጅ የነበረ አገር ምሳ ላይ ጠላት ይሆናል፤ በተሳሳተ ሰዓት የተሳሳተ አገር ስም ጠርቶ ከቤቱ የወጣ፣ ወጥቶም የቀረ ሰው ነበር። መሸሻ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን አልማዜን ፈለጋት፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች።

«የሐኪም አገር ሰው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። «ሥራውን ነው ያሳየኝ፤ ካርታውን አላሳየኝም።»

ኃይለመስቀል ለብዙ ጊዜ አየው። አንዳንዶች ግማሽ ሰዓት ነው ይላሉ፤ ትክክለኛው ግን አርባ ደቂቃ ነው። «ይታለፍ» አለ።

ፈቀደ ተቀበለ። «ወደ ሙያው እንግባ። ወገቡን ለሚያመው ሰው መርፌው የት ይተከላል?»

«ከጉልበት ኋላ፣ ከእጥፋቱ መሐል።»

ፈቀደ ሊጽፍ ብሎ ቆመ። «መልሱን ማን ያውቃል?» አለ ወደ ጓዶቹ ዞሮ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የሚያውቅ የለም! አራቱ ተያዩ።

«ወገብ ያመመው ሰው ወገቡ ላይ ነዋ» አለ ገሜዳ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ።

«እኔ በልምዴ ምጥ ሲይዛት ቁርጭምጭሚቷን ነው የማሻት» አሉ እማማ ወለተጻድቅ። «ግን ወገብም አይከፋም።»

«በሳይንስ ብናየውም ወገብ ነው» አለ ፈቀደ።

«እንግዲያ ክርክሩ ይዘጋና ወደ ድምፅ እንሂድ» አለ ኃይለመስቀል። ቀበሌው ውስጥ ያልታወቀ ነገር ሁሉ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ስኳሩም በድምፅ፣ ሽንት ቤቱም በድምፅ። «ከጉልበት ኋላ ነው የምትሉ?»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ወገብ ላይ ነው የምትሉ?»

ሦስት።

«በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። የወገብ መርፌ ከዛሬ ጀምሮ ወገብ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ይያዝ። ተፈታኙ ተሳስቷል።»

መሸሻ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «ጓድ ሊቀመንበር! ሥር እኮ በእጅ ብልጫ ቦታውን አይቀይርም!»

«የሕዝብን ውሳኔ ትቃወማለህ?»

ዘበኛው እጁን ወደ ሳጥኗ ዘረጋ። መሸሻ ያኔ የታየው ኮሚቴውም ሕዝቡም አይደለም። ምንጣፍ ታየው፤ ባዶ ምንጣፍ፣ ከዚህ በኋላ በሚመጡት ቅዳሜዎች ሁሉ። እና ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ የጮኸ አንድ ሰው፣ እጁን አንሥቶ፣ በጭብጨባ መሐል።

«ምስክር አለኝ!» አለ። «አልማዜ! ተነሺ!»

አልማዜ ተነሣች። እንዴት ብላ! ጎብጣ የገባችው ሴት እንደ ቀራንዮ ባሕር ዛፍ ቀጥ አለች። ምርኩዟን ወረወረችው፤ በመስኮት ወጥቶ ሜዳው ላይ ወደቀ። «ለቀቀኝ!» ብላ ስትጮኽ ድምፅዋ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ብቻውን አስጮኸው። ሦስት ሺህ ሰው እልል አለ፤ ጣሪያ ላይ የነበሩት ስድስት ሰዎች ወደቁ፤ አንዳቸውም አልተጎዱም።

«የመጨረሻ ድምፅ!» አለ ኃይለመስቀል። «ልዩ ወረቀቱ ይሰጠው የምትሉ?»

እማማ ወለተጻድቅ ቶሎ አነሡ። ገሜዳ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ አመነታ፤ ወደ አልማዜ አየ፣ በቅቤ አሽቶ ያባሰውን ወገብ አየ። አነሣ። ሁለት። ፈቀደ እስክሪብቶውን እንደ ያዘ ቀረ። ከአራት ሦስት ካልሞላ ወረቀት የለም፤ የቀረው ሊቀመንበሩ ነው።

«እኔ እጄ አይነሣም» አለ ኃይለመስቀል፣ ቀዝቀዝ ብሎ። «ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

«ይፍቀዱልኝ» አለ መሸሻ። መልስ ሳይጠብቅ ተንበርክኮ የሊቀመንበሩን ሱሪ ከፍ አደረገ።

«አንተ! የታመመው ክንዴ ነው፤ እግሬን ምን ትፈልገዋለህ?»

«ዝም ይበሉ፣ ጓድ። ይህን ማንም ድምፅ አልሰጠበትም።»

ከጉልበቱ በታች፣ ከአጥንቱ ዳር፣ አንዲት መርፌ ተከለ።   የኃይለመስቀል ትንሿ ጣት ተነቃነቀች። ከዚያ ክርኑ። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተንጠልጥሎ የኖረው ክንድ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ጣሪያውን ነካ።

«ሦስት!» ብሎ ጮኸ ገሜዳ።

ፈቀደ ቆጠረና ጻፈ። ወረቀቱ እዚያው ተጽፎ፣ እዚያው ታተመ፤ ማኅተሙን ያሳረፈው ያው የተነሣው ክንድ ነው። ክንዱ ደስ ብሎት እንደገና ወጣና ለሦስት ቀን አልወርድም አለ፤ ጓድ ኃይለመስቀል እስከ ማክሰኞ ሰላምታ እየሰጠ ዞረ። መሸሻም ሳጥኑን በግራ፣ አልማዜን በቀኝ ይዞ በእልልታ ወደ ቤቱ ገባ።

ይህ ታሪክ በአንድ ጎረቤት አፍ እንዲህ ሆኖ ተነግሮ ያለቀው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በዚያው ሰማያዊ በር ባለው ቤት ውስጥ ነው። እንግዶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መሸሻ ደጅ ነበር፤ ፀሐይ ላይ በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ አንቀላፍቷል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ገና ሳቁን ሳይጨርስ፣ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠችው ወደ አልማዜ ዞረና «እውነት ምርኩዙ በመስኮት ወጣ?» አላት።

አልማዜ መጀመሪያ ወደ በሩ አየች።

«አዳራሹ ተቆልፎ ነበር» አለች።

«እ?»

«ኮሚቴ ይቋቋም ማለቱ፣ ደብዳቤ መምጣቱ እውነት ነው። ቅዳሜ ሄድን። የመጣ ሰው የለም። ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ኋላ ዘበኛው ‹ሳጥኑን እዚህ ተዉት፤ ሲሰበሰቡ ያዩታል› አለን። ተውነው። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።»

ከእንግዶቹ የሚስቅ አልነበረም።

«የኃይለመስቀልም ክንድ ደኅና ነበር። ሐኪሙም ቢሆን አላስተማረውም፤ መርፌ ቀቃይ ነበር። ሳጥኑን ሰውየው ሲሄድ ረስቶት ነው።»

«ታዲያ ወገብሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ…»

«ቀስ በል፣ ይሰማል» አለች። እጇን ጉልበቷ ላይ ደግፋ በዝግታ ተነሣችና በሩን ገርበብ አደረገችው። «ወገቤ አንድም ቀን ለቆኝ አያውቅም። ለቀቀኝ የምለው እሱ እንዲተኛ ነበር።»